የጠጣሁት ገጽ

ልጅ እያለሁ አንድ ገጽ ጠጥቻለሁ። መጽሐፍ ወዳድ ሰው «መጽሐፉን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት» ሲል የሚያወራውን ዓይነት መጠጣት አይደለም። እኔ በጸበል አጥቤ፣ በነጠላዬ ጫፍ ጨምቄ፣ ቆሜ በኩባያ ነው የጠጣሁት። መጀመሪያ ጥቀርሻ ጥቀርሻ ይላል፤ ሲወርድ ደግሞ የፍየል ቆዳ ሽታ አለው።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ ሊያነጋግረኝ የመጣ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ነው። ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «ይህን ሁሉ እውቀት ከየት አመጡት?» አለኝ። በየሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ከሰው ሁሉ ተቃራኒ ቆሞ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፤ ልብ ያሞቃል። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ያነበብኳቸውንም፣ ጀምሬ የተውኳቸውንም መጻሕፍት ደርድሬለት ሸኘሁት። ከሄደ በኋላ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ከደረደርኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ አንድ ሙሉ ገጽ በቃሌ የምወጣው አልነበረም። ሙሉ በሙሉ የእኔ የሆነ አንድ ገጽ ብቻ አለኝ። እሱን ደግሞ ለጋዜጠኛው አልነገርኩትም።

የእኔ ዘመን ሰዎች ልጅነታቸውን ሲጽፉ ደስ የማይለኝ ነገር አለ። ሁሉም ታዛዥ ነበሩ፤ ሁሉም ታላላቆቻቸውን ያከብሩ ነበር፤ ሁሉም የወተት ጥርሳቸው ሳይረግፍ ዳዊት ደግመዋል። እንዲያ ከሆነ አሁን የምናየውን ጥፋት ሁሉ ያጠፋው ማን ነው? እኔ በበኩሌ ታዛዥም ፈጣንም አልነበርኩም። የነገሩኝ ነገር በአንድ ጆሮዬ ገብቶ ሌላኛውን ጆሮ ሳይፈልግ በገባበት የሚመለስብኝ ልጅ ነበርኩ።

ጊዜው መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ ዕድሜዬ ደግሞ ዐሥር ነው። አባዬ ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ስለምንኖር ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ የስፌት ማኪናው ፔዳል ነው። አባዬ በልጅነቱ ዳዊት ጀምሮ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ አባቱ ሞተውበት ወደ ሥራ ገብቷል። የቀረውን እኔ እንድጨርስለት ፈለገ። በሸሚዝ ልኬት መሀል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ለደንበኞቹ ሁሉ «ከፋሲካ በኋላ የልጄ የዳዊት ድግስ አለ» ይል ነበር። እናቴም ጌሾውን ገዝታ አስቀምጣለች። ያልተዘጋጀሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ከሰዓት ፈረቃ ስለደረሰኝ ጠዋቱ የየኔታ ነበር። ከቤታችን በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ አንድ የወይራ ዛፍ ሥር፣ በጤዛ የራሰ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሃያ ያህል ልጆች ሁላችንም በየራሳችን ድምፅ እንጮኻለን። የጎንደር የጠዋት ብርድ ከድንጋዩ በቀሚሴ በኩል ሲገባ እስካሁን ይሰማኛል። ያኔ የለበስነው ጋቢ ሁሉ ሲረጥብ አንድ ዓይነት የበግ ሽታ ነበረው። ከመካከላችን ግማሾቹ እንደ እኔ የከተማ ልጆች ስንሆን ግማሾቹ ከገጠር የመጡ፣ ግቢው ጥግ ባሉ ትንንሽ ጎጆዎች የሚያድሩ፣ እህል ለምነው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች ነበሩ።

የኔታ ከአዲ አርቃይ ማዶ ካለ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ነበሩ። አንደኛው ዓይናቸው ሞራ ለብሶ፣ ሌላውም እየተከተለው ነበር። ያላቸው ንብረት አንድ ነው፤ በወጣትነታቸው ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃቸው የጻፉት የብራና ዳዊት። የፍየሉን ቆዳ ራሳቸው ፍቀው፣ ቀለሙን ከጥቀርሻ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ የመቃ ብዕሩን ራሳቸው ቀርጸው ነው የጻፉት። ዳዊቱን በቃላቸው ይወጡታል፤ ግን ሳይገልጡት ደግመው አያውቁም። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ደፍሮ «የኔታ፣ በቃልዎ እያወቁት ምነው ይገልጡታል?» ሲላቸው «አውቀዋለሁ ብዬ እንዳልኮራበት» አሉት።

ያ ብራና ማኅደር በሚባል የቆዳ መያዣ ውስጥ ሆኖ ከጎጆአቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጠዋት የኔታ ኪዳን አድርሰው እስኪወጡ አንድ ልጅ ማኅደሩን ከጎጆው አውጥቶ ወይራው ሥር ያደርሳል። ሥራው በሳምንት ተራ ነበር። ብራናውን መሸከም ትልቅ ክብር ነው፤ ክብሩን ያህል ፍርሃትም አለው። ከእኔ በፊት አንድ ተማሪ ከመጨረሻው ባዶ ቅጠል ለክታብ የሚሆን ቁራጭ ቆርጦ ወስዶ፣ የኔታ በዚያው ቀን ጓዙን አስይዘው አሰናብተውታል። አልጮኹበትም፤ አልመቱትም። «ሂድ» ብቻ ነው ያሉት። ያቺን «ሂድ» ሁላችንም በጆሯችን ይዘናት ነበር።

የኔታ ማንም ልጅ ዳዊት ደገመ ብለው ለድግስ ከመመረቃቸው በፊት የመጀመሪያዎቹን ዐሥር መዝሙሮች በቃሉ እንዲያውቅ ያዛሉ። ንባቡን እንደ ምንም ተወጥቼዋለሁ። በቃል ሲመጣ ግን አራተኛው ላይ ደርሼ አምስተኛው ላይ ቆምኩ። ስለ ማለዳ የሚናገር አጭር መዝሙር ነው፤ ሌላው ልጅ በሁለት ቀን ይዞት ያልፋል። እኔ ከጥቅምት እስከ ጥር እዚያው ነኝ። ይትባረክ የሚባል፣ ከየኔታ አገር የመጣ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አንዴ የሰማው የማይጠፋው፣ ያንንም ለማንም የማይደብቅ። እኔ አምስተኛውን ስጀምር ቆሎውን እየቆረጠመ «እቴ፣ እሱ ላይ ቤት ሠርተሽ ግቢ እንጂ፣ ኪራይ አይቀርልሽም?» ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም ድንጋይ አነሣለሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ ሰባኪው፣ ሀብትም ረጅም ዕድሜም ሳይሻ ጥበብን ብቻ ስለለመነው ንጉሥ አስተማሩ። ለምኖ በሕልሙ ተሰጠው፣ አለቀ። እኔን የገረመኝ ጥበቡ አልነበረም፤ ቀላልነቱ ነው። እኔም ለመንኩ። ያየሁት ሕልም ግን ቀይ በሬ አራዳን ሙሉ ሲያሯሩጠኝ ነበር። ሌላ መንገድ መፈለግ እንዳለብኝ ገባኝ።

መንገዱን ያገኘሁት ከነጃት ነው። የነጃት አባት ጋሽ ኑሩ ከአባዬ ሱቅ አጠገብ የጨርቅ መደብር ነበራቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት። ነጃትና እኔ በጓሯቸው መሬት ጭረን ሰኞ ማክሰኞ ስንዘል ነው ያደግነው። እሷ ከሼሁ ዘንድ ቁርኣን ትቀራለች። ሉሕ የሚባል ልሙጥ እንጨት አላት፤ የተማረችውን በጥቁር ቀለም ይጽፉላታል፤ ስትይዘው ታጥቦ አዲስ ይጻፋል። አንድ ቀን እጥበቱን አየሁ። ውሃውን በኩባያ አጠራቅማ ጭልጥ አደረገችው።

«ምን ሆነሽ ነው ቀለም የምትጠጪው?» አልኳት።

«ቃሉ መሬት አይፈስማ። አይረገጥም።»

«ታዲያ ጠቀመሽ?»

«አታይኝም እንዴ?» አለች፣ ጥቁር አፏን በክንዷ እየጠረገች።

አየኋት። ነጃት በእኔ ዕድሜ ሆና ከሼሁ ተማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያዋ ነበረች። ነገሩ በአንድ ጊዜ በራልኝ። እኛ ዝም ብለን ስንጮህ እነሱ ለካ ይጠጡታል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ዳዊት ነው። አባዬ የገዛልኝ፣ ላስቲክ የለበሰ፣ የማተሚያ ቤት ዳዊት ነበረኝ። አምስተኛው መዝሙር ያለበትን ገጽ ውሃ አስነካሁት፤ ወረቀቱ ተልፈሰፈሰ እንጂ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። የፋብሪካ ቀለም ግትር ነው። የየኔታ ብራና ግን እንደ ነጃት ሉሕ በጥቀርሻ የተጻፈ ነው። የመሸከሙ ተራ ደግሞ በዚያው ሳምንት የእኔ ነበር።

ቀኑን እንኳ አስልቼ መረጥኩ። ዳዊት በቀን በቀን ተከፋፍሎ ይደገማል፤ ከአንደኛው መዝሙር የሚጀመረው ሰኞ ነው። ሰኞ ካለፈ አምስተኛው መዝሙር እስከሚቀጥለው ሰኞ አይገለጥም። ማክሰኞ ጠዋት የኔታ ኪዳን ላይ ሳሉ ጎጆአቸው ገባሁ። ማኅደሩን ከመስቀያው አወረድኩ፤ ሰሙ፣ ቆዳው፣ የስንት ዓመት የእጅ ወዙ አንድ ላይ ሸተተኝ። ተራ ውሃ አይሆንም ብዬ ጎጆው ጥግ ካለው ቅል ጸበል ቀዳሁ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሬ ከታች ጀምሬ አሸሁ። ፊደሉ ያለ ምንም ክርክር ለቀቀ። ሁለት ዓመት የተለፋበት ነገር በዚያ ፍጥነት ይለቃል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄጄ አናቱ ላይ ስደርስ ርእሱና የመጀመሪያው መስመር በቀይ ቀለም ተጽፈዋል። እጄ ቆመ። ቀዩን ትቼ ጥቁሩን ጨመቅሁ፤ አማተብኩ፤ ጠጣሁ።

ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ሆዴን ቆረጠኝ። «አምስተኛው» ብዬ በልቤ ጀመርኩ፤ ዘወትር የምቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ገጹን አየሁት፤ እርጥብ፣ የተጨማደደ፣ አናቱ ላይ ብቻ ቀይ ያለበት ባዶ ሌጦ። አሁን እንኳን እኔ፣ የሚያነብም አይወጣውም።

ረቡዕ ለነጃት ነገርኳት። ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሰምታ ስትጨርስ አፏን ይዛ እስከ መደብሩ ድረስ ሮጣ ተመለሰች፤ ስትደነግጥ እንዲያ ነው የምታደርገው።

«አንቺ፣ ሳትይዢው ጠጣሽው?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ ይያዛል እኮ! ሼሁ ፊት በቃል ታደርሺያለሽ፣ ከዚያ ይታጠባል፣ ከዚያ ትጠጫለሽ። እኔ የምጠጣው የማውቀውን ነው!»

ይህን ዝርዝር አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ነጃት አዝናልኝ ቀለሟንና ብዕሯን አምጥታ «ልጻፍልሽ» አለች፤ ግን የምታውቀው ከቀኝ ወደ ግራ ብቻ ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ደግሞ የዶሮ ጭረት ነበር። ብራናው ላይ ሁለተኛ ጥፋት ለመጨመር ድፍረት አጣሁ። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፣ በቃላቸው ያውቁታል፣ ላያዩት ይችላሉ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እስከ ቅዳሜ ማኅደሩን ተሸከምኩ፤ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ። ቅዳሜ ተራዬ አለቀ።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ይትባረክ በኩራት አልፎኝ እየሄደ «ከነገ ጀምሮ ማኅደሩ የእኔ ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰኞ ገጹ ሲገለጥ ተሸካሚው ይትባረክ ነው። «ሂድ» የምትለው ቃል የምትወጣው ለእሱ ነው። እኔ ብባረር አራዳ ቤቴ እገባለሁ፤ አባዬ ያፍራል፣ ጌሾው ይሸጣል፣ በቃ። ይትባረክ ግን ከዚያ ጎጆ በቀር ጎንደር ውስጥ ቤት አልነበረውም። አባቱ በሬ ጠባቂ አጥቻለሁ እያለ እንዲመለስ ሁለቴ መልእክት ልኮበታል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሌሊት ለአንድ አፍታ «ይገባዋል» ብያለሁ። ድንጋይ የሚያስነሣ ልጅ ነበር ብያችኋለሁ።

ሰኞ የኔታ ወይራው ሥር ተቀመጡ። ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ገልጠው ጀመሩ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። ቅጠሉን ገለጡ። ዓይናቸው ከማየቱ በፊት ጣታቸው አወቀው፤ የተጨማደደውን ቆዳ ከታች ወደ ላይ ዳሰሱት፤ ቀዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ድምፃቸው ግን አልቆመም። አምስተኛውን በቃላቸው፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድሉ ወጡት፤ ገለጡ፤ እስከ ዐሥረኛው ሄዱ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ረጅም የሆነ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም።

ጨርሰው «ማነው የተሸከመው?» አሉ።

ይትባረክ ተነሣ። ገጹን ሲያዞሩለት አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የዚያ ምላሰኛ ልጅ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ» አልኩ። «ጠጣሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ጠጣሁት። ማክሰኞ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ከዚያ የየኔታን ፊት አይተው አቀረቀሩ። የኔታ ደኅናውን ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ምነው ልጄ?»

«ጥበብ ፈልጌ።»

«አገኘሽው?»

«አላገኘሁም። ሆዴን ቆረጠኝ።»

በጣታቸው ቀዩን መስመር ደጋግመው ነኩት። «ይህንስ ምነው ተውሽው?»

«ፈራሁ» አልኩ።

«እ…» አሉ የኔታ። ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። «እንግዲያውስ ጀምረሻል።»

ለምን እንዲያ እንዳሉኝ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው የሚለውን ቃል ካነበብኩ በኋላ ነው። ያኔ የጠበቅሁት «ሂጂ» የሚለውን ነበር። ሂጂ አላሉኝም፤ አባቴን ብቻ አስጠሩት።

አባዬ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የኔታ፣ ጋዝ የጠጣ ልጅ አይቻለሁ። ሳሙና የበላም አውቃለሁ። መጽሐፍ ጠጣች ብዬ ለማን እነግራለሁ?» አለ። ጸሐፊ ፈልጎ ሊያስጽፍ፣ ካልሆነም ከታተመው ላይ ቆርጦ ሊያስለጥፍ ለመናቸው። የኔታ እንቢ አሉ። «ገጹ አልጠፋም። እሷ ጋ ነው። እሷው ታመጣዋለች» አሉት።

ፍርዱ ይኸው ነበር። በየሰኞው የኔታ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ይደግማሉ፤ ቅጠሉን ይገልጡና ዝም ይላሉ፤ አምስተኛውን እኔ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ከስድስተኛ እሳቸው ይቀጥላሉ።

በመጀመሪያው ሰኞ ሦስት መስመር አመጣሁና ቆምኩ። የኔታ በቃላቸው የሚያውቁትን አንዲት ቃል አላቀበሉኝም። እጃቸውን ባዶው ገጽ ላይ አድርገው ጠበቁ። ሃያ ልጅ ጠበቀ። ወይራው ላይ ያሉት ወፎች እንኳ የጠበቁ መሰለኝ። ይትባረክ አላስችል ብሎት ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር የኔታ ሳይዞሩ «የጠጣችው እሷ ናት፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» አሉት። ያን ቀን ጸሎቱ እዚያው ላይ ተቋርጦ ቀረ። ሰኞ የጎደለ ጸሎት ትቼ ወደ ቤት መሄድ ከጨንገር የባሰ ነበር። በሁለተኛው ሰኞ እኩሌታውን አለፍኩ። በሳምንቱ መሀል እየበላሁ፣ እየዘለልኩ፣ ከነጃት ጋር ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት እንኳ በየሳጥኑ አንድ አንድ ስንኝ እያስቀመጥኩ እለው ነበር፤ ነጃት አብራኝ ስትዘል ለምዳው የተሳሳትኩ ጊዜ «ወደ ኋላ ተመለሺ» ትለኝ ጀመር። በሦስተኛው ሰኞ እስከ መጨረሻው ወጣሁት። የኔታ «ሸጋ» ብለው ቅጠሉን ገለጡ። ይኸው ነው፤ ጭብጨባ የለ፣ ከረሜላ የለ። ይትባረክ ብቻ ቆሎውን ዘርግቶልኝ «ኪራዩን ከፈልሽ» አለኝ።

የቀሩት አምስቱም ተከትለው መጡ፤ ፋሲካ አለፈ፤ ድግሱ ተደገሰ፤ አባዬ ጠላ ይዞ ስቆ ስቆ አለቀሰ። ሰኞው ግን አልቀረልኝም። ከዚያ በኋላም ለዓመታት፣ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ከፍተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ፣ ሰኞ ጠዋት እዚያ ዛፍ ሥር ነበርኩ። እኔ ካልሄድኩ ገጽ ይጎድላላ።

ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለው የከተማችን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኪራይ ቤት፣ ሚኒባስ፣ ጓደኛ፣ ቤተ መጻሕፍት መጣ። በተለይ ቤተ መጻሕፍቱ። ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ጀመር፤ የምቃወመውን ነገር መርጬ ሳይሆን ሁሉንም መቃወም ጀመርኩ። ሰኞዎቹ ተረሱ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰኞ፣ ትምህርት ባልነበረበት ቀን፣ ወደ ወይራው ወጣሁ። የኔታ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል። ብራናው ግን ጉልበታቸው ላይ ተገልጧል። ድምፄን ሲሰሙ «የጠጣችዋ መጣች» አሉ። ይትባረክ አጠገባቸው ሆኖ ቅጠል ይገልጥላቸው ነበር፤ አሁን ጢም አብቅሏል። አምስተኛው ላይ ደርሰው ዝም ሲሉ ተነሥቼ ወጣሁት። እኔ ስጠፋ ማን ይለው እንደነበር አልጠየቅሁም።

ጨርሰን ስንቀመጥ አላስችል አለኝና «የኔታ፣ ብዙ መጻሕፍት አነበብኩ፤ ከመቶ በላይ ይሆናሉ» አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«እሰይ» አሉ። «ከነሱስ ስንቱን ጠጣሽው?»

በዚያው ዓመት መጨረሻ አረፉ።

ስለ ሽምደዳ ጥፋት አራት አምስት ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ አንዱንም አልመልስም። ያለ ማስተዋል የተሸመደደ ነገር በልጅ አእምሮ ላይ የተጫነ ዕቃ ነው፤ አሁንም እላለሁ። የቀድሞ ትምህርት ሁሉ ወርቅ ነበር የሚሉትንም አላምንም፤ ያ «ሂድ» የተባለው ተማሪ የት እንደደረሰ ያሰበ የለም። ግን ስልኬ ውስጥ ሦስት ሺህ መጽሐፍ አለኝ። ቢጠፋብኝ በሌላ ስልክ ይመለሳል። የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ይሆን አላውቅም፣ አንዱንም አላገኘሁትም። ዛሬ ጥያቄው ሳይነሣ መልሱ ይደርሳል፤ ልጅ አፉን ሳይከፍት ይሞላለታል። በሕይወቴ ብዙ ሰው አስተምሮኛል። እኔ ቃሉን እስካገኘው ድረስ አፉን ዘግቶ የጠበቀኝ ሰው ግን አንድ ነው።

ጋዜጠኛው ከሄደ ከሳምንት በኋላ ጎንደር ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ሰኞ ጠዋት ወደ ወይራው ወጣሁ። ዛፉ አለ። ከጎኑ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ተሠርቷል፤ ልጆቹ ባለ ቀለም ጃኬት ለብሰዋል፤ የበግ ሽታው የለም። መምህሩ ይትባረክ ነው፤ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ ድምፁ የየኔታን መስሎ። ብራናው ጉልበቱ ላይ ነበር። ከጀርባ ቆምኩ። አጠገቤ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ የከተማ እንግዳ መስዬው በሹክሹክታ ያስረዳኝ ጀመር፤ አምስተኛው ላይ ባዶ ገጽ እንዳለ፣ ድሮ መልአክ መጥቶ እንደወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ተረኛ ልጅ እንደሚሞላው። «መልአክ ነው?» አልኩት። «መልአክ ነው» አለኝ። ጸሐፊ ነኝ፤ የተሻለ ታሪክ ሳገኝ አላበላሽም።

ይትባረክ አራተኛውን ጨርሶ ቅጠሉን ገለጠና ቆመ። ተረኛዋ አንዲት ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት፣ ፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። ተነሣች። ሦስት መስመር ወጣችና ቆመች። ጣሪያው ላይ ጤዛ ሲንጠባጠብ ይሰማል። ልጅቷ ወደ ላይ አየች፤ ወደ ጫማዋ አየች፤ ነጠላዋን ጠመዘዘች። ቀጣዩ ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ቃል፣ እንደ ትኩስ ቆሎ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ታወቀኝ።

ይትባረክ አየኝ። በዓይኑ ብቻ ስቆ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። ከንፈሬን ገጠምኩ። እሱም እጁን ባዶው ገጽ ላይ አደረገ።

ጠበቅን። ቃሉ መጣላት።